“አሉ” ያለው ማን ነው?

አንድ ሥራ ዕድሜው ሲረዝም ወዳጆቹ ሁለት ነገር ማድረጋቸው አይቀርም። አንደኛው ደረጃ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው በወጣው ደረጃ መጣላት። “ጎስት ኢን ዘ ሼል” በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው የጃፓኖች ታሪክ በሥዕል ከተጀመረ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ወዳጆቹ ግን “ከሁሉም የቱ ይበልጣል?” በሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልታረቁም። እኔም የራሴ ደረጃ አለኝና ዛሬ ላውጣው። አስቀድሜ ግን የምላችሁ አለ። “ይኼ አንደኛ፣ ያ ሁለተኛ” ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም። የእኔ ነገር ያለው ከደረጃው ይልቅ ምክንያቱ ላይ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ስለ ፊልም ብቻ አይደለም።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጃፓኖች “አኒሜ” የሚሉት የሥዕል ፊልም ለልጆች ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለአዋቂም፣ ያውም ራሱን ለሚያዞር አዋቂ ይሠራል። ይኼኛው “ሳይበርፓንክ” ከሚባለው ወገን ነው። ቴክኖሎጂው ሰማይ የነካ፣ ኑሮው ግን ጭቃ ውስጥ የቀረ ዓለም ማለት ነው። የሰዎች አንጎል ከኮምፒውተር መረብ ጋር በቀጥታ ተያይዟል። ዋናዋ ባለታሪክ ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ ከአንጎሏ በስተቀር ሰውነቷ በሙሉ የፋብሪካ ሥራ ነው። “ክፍል 9” በተባለ ልዩ የመንግሥት ቡድን ውስጥ ሆና የሰው አንጎል ሰብረው የሚገቡ ወንበዴዎችን ታሳድዳለች። ቤት ሰብሮ የሚገባ ሌባ ዕቃ ይወስዳል። አንጎል ሰብሮ የሚገባው ግን ትዝታ ይወስዳል፤ ይባስ ብሎ ያልነበረ ትዝታ አስቀምጦ ይሄዳል።

“ጎስት” የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት ብዙ አስቤበታለሁ። “ነፍስ” ብንለው ነገሩ ወደ ቤተ ክህነት ይሄድብናል። “መንፈስ” ብንለው ጭስ ጭስ ይላል። ቀረብ የሚለው “ውቃቢ” ይመስለኛል። “ውቃቢው ራቀው” የምንለው ሰው ሥጋው እዚያው ቆሞ ሳለ እሱን እሱ የሚያሰኘው ነገር የተለየው አይደል? ለነገሩ ጃፓኖችም ለነፍስ “ታማሺ” የሚል የራሳቸው ቃል እያላቸው በፊልሙ ውስጥ የሚሉት እንግሊዝኛውን “ጎስት” ነው። የስሙም ሥር እንግሊዝ አገር ነው። ጊልበርት ራይል የተባለው ፈላስፋ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ሥጋና ነፍስን ለያይቶ ያስቀመጠውን ዴካርትን ሲተች “በማሽን ውስጥ ያለ መንፈስ” ብሎ ቀለደ። አርተር ኬስትለር በ1967 ቀልዱን የመጽሐፍ ርዕስ አደረገው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ደግሞ ከዚያ ወሰደው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሠዓሊው ማሳሙኔ ሺሮው ይባላል። ስሙ የብዕር ስም ነው፤ ፊቱንም ለአደባባይ አያሳይም። የኮቤ ሰው ነው። ታሪኩን በ1989 በኮዳንሻ ማተሚያ ቤት ያንግ ማጋዚን ልዩ እትም ላይ ማውጣት ጀመረ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ጃፓን በገንዘብ ሰክራለች፤ የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወረደ። ቲም በርነርስ ሊ ዛሬ “ዌብ” የምንለውን ነገር ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአለቆቹ ያቀረበውም በዚያው በ1989 ነው። ማለትም ሺሮው ሰዎች በመረብ ተያይዘው እርስ በርስ አእምሮ ሲሰርቁ በሣለበት ጊዜ መረቡ ገና አልተዘረጋም። ይህን መጽሐፍ ደረጃ ውስጥ አላስገባውም፤ ሥር ከቅርንጫፍ ጋር አይወዳደርም። ደግሞም መጽሐፉ ሳቂታ ነው። ሻለቃዋ ትቀልዳለች፣ ምላሷን ታወጣለች፤ ደራሲው በየገጹ ኅዳግ ላይ የራሱን ማብራሪያ እየጻፈ ጣልቃ ይገባል። ፊልሞቹ ናቸው ያኮሳተሯት።

መለኪያዬ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሥራ “ትዝታህ የአንተ መሆኑን በምን ታውቃለህ?” የሚለውን ጥያቄ ይዞ ምን ያህል ርቆ ሄደ? በሉ ከታች እንጀምር።

ስድስተኛ፦ የ2017ቱ የሆሊዉድ ፊልም። ሩፐርት ሳንደርስ አዘጋጀው፤ ስካርሌት ጆሃንሰን ሻለቃዋን ሆና ሠራች። ያኔ የተነሳው ጫጫታ “ለጃፓናዊት ባለታሪክ ነጭ ተዋናይ ምን ሊያደርግ?” የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ፊልም ጀግናዋ ትዝታዋ ሐሰት መሆኑን ትደርስበታለች፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛ ስሟንም፣ እውነተኛ እናቷንም፣ በደለኛውንም ኩባንያ ታገኛለች። ተጠናቀቀ! ሌሎቹ ሁሉ ተሸክመውት የኖሩትን ጥያቄ ይኼ በአንድ ከሰዓት በኋላ መልስ ሰጥቶት ወደ ቤቱ ሄደ። ከተማው አምሮ ተሠርቷል፤ ጥያቄው ግን የለም።

አምስተኛ፦ በ2020 እና በ2022 በኔትፍሊክስ የወጣው “ስታንድ አሎን ኮምፕሌክስ 2045”። ሐሳቡ ትልቅ ነው። እያንዳንዱ ሰው በገሃዱ ዓለም እየተመላለሰ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በራሱ ሕልም ውስጥ ይኖራል፤ ማንም ደስታ አይጎድልበትም። ይህን ማስቆም ግፍ ነው ወይስ ነጻ ማውጣት? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በኮምፒውተር የተሠሩት ፊቶችም እንደ ሱቅ አሻንጉሊት ድርቅ ያሉ ናቸው። በ2013 እና በ2015 መካከል የወጡት “አራይዝ” የተሰኙት ክፍሎች የሻለቃዋን የወጣትነት ዘመን ይተርካሉ። እነሱን ደረጃ ውስጥ ያላስገባሁት የሚጠይቁት ከነሱ በፊት የተጠየቀውን ስለሆነ ነው።

አራተኛ፦ “ኢኖሰንስ”፣ 2004። ማሞሩ ኦሺኢ ያዘጋጀው ሁለተኛው ፊልም ነው፤ በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ለዋናው ሽልማት ተወዳድሯል። ለደስታ የተሠሩ የሴት አሻንጉሊቶች ጌቶቻቸውን መግደል ይጀምራሉ። ነገሩ ሲመረመር ኩባንያው አሻንጉሊቶቹን ሕያው ለማስመሰል የታፈኑ ልጃገረዶችን ጎስት እየገለበጠ ይጨምርባቸው ኖሯል። ከዓይን የማይጠፋ ሥዕል አለው። ባለታሪኮቹ ግን ሰላምታ እንኳ በጥቅስ ነው የሚሰጣጡት፤ የራሱን ቃል የሚናገር ሰው ጠፍቷል። ኦሺኢ አውቆ ያደረገው ነው ይላሉ ወዳጆቹ፤ በሌሎች ቃል የተሞላ አእምሮ የማን ነው ለማለት። እሺ፣ ይሁን። ቢሆንም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ፊልም በሌላ ሰው አፍ ሲናገር ያደክማል።

ሦስተኛ፦ “ሶሊድ ስቴት ሶሳይቲ”፣ 2006። ኬንጂ ካሚያማ ያዘጋጀው የቴሌቪዥን ፊልም ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜውን የሰማ ይኼ ይመስለኛል። ያኔ በጃፓን ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነው ሰው ከአምስት አንድ ደርሶ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አዛውንቶች ከማሽን ጋር ተያይዘው በየአልጋቸው ይኖራሉ። ሲሞቱ ንብረታቸውን የሚወርሰው መንግሥት ነው። በሌላ በኩል በገዛ ወላጆቻቸው የሚደበደቡ ሕፃናት አሉ። አንድ ረቂቅ ሥርዓት ሕፃናቱን ይሰርቅና ትዝታቸውን ደምስሶ የአዛውንቶቹ ወራሽ ያደርጋቸዋል። ሕፃኑ ከዱላ ይድናል፤ ሽማግሌው ወራሽ ያገኛል። ወንጀሉ የት ላይ ነው? መርማሪው ቶጉሳ ራሱ አባት ነው። አንጎሉን ሰብረው ገብተው የገዛ ልጁን በገዛ እጁ ሊያስረክብ ሲነዳ የሚታይበት ትዕይንት አለ። ልጅ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ አያየውም። እዚህ ላይ ጥያቄው ሰፋ አለ፤ “መጥፎ ትዝታን መደምሰስ ምጽዋት ነው ወይስ ስርቆት?” ወደሚለው ተሻገረ።

ሁለተኛ፦ የ1995ቱ ፊልም። ይኸው፣ ጠቡ እዚህ ላይ ነው የሚነሳው። ዓለም በሙሉ አንደኛ የሚለውን ሁለተኛ አደረግሁት።

ክብሩን ልስጠው። ፕሮዳክሽን አይ ጂ ሠራው፤ ኦሺኢ አዘጋጀው፤ ጃፓን ውስጥ የወጣው ኖቬምበር 18 ቀን 1995 ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 23፣ የጃፓንኛው ዊንዶውስ 95 ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ማርች ላይ ደግሞ የአንድ ሃይማኖታዊ ቡድን አባላት በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር የመርዝ ጋዝ ለቅቀዋል። አገሩ የቆመበት መሬትም፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጭንቅላትም የማይታመን ሆኖበት ነበር። ፊልሙ የወጣው እዚህ መሀል ነው። በ1996 በአሜሪካ የቢልቦርድ የቪዲዮ ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። የ1999ኙን “ማትሪክስ” የሠሩት ዋቾውስኪዎችም ይህንን ፊልም ለፕሮዲውሰራቸው አሳይተው “እኛ ይህን በእውነተኛ ሰው መሥራት እንፈልጋለን” ማለታቸውን ፕሮዲውሰሩ ራሱ ተርኮታል።

ሙዚቃውም ለብቻው ወግ ይገባዋል። ኬንጂ ካዋይ በጥንታዊ ጃፓንኛ የሠርግ ዘፈን አዘጋጅቶ የአገሬውን ባህላዊ ዘፋኞች በቡልጋሪያ ስልት እንዲዘምሩት አደረገ። ፊልሙ ሲያልቅ ሠርጉ የማን እንደሆነ ይገባችኋል። “አሻንጉሊት አጫዋቹ” የሚባለው ሰው አልባ ፕሮግራም “እኔም ሕይወት አለኝ” ብሎ ጥገኝነት ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ከሻለቃዋ ጋር አንድ ይሆናል።

እኔ ግን ከዚህ ፊልም የማስታውሰው ሠርጉን ሳይሆን የቆሻሻ መኪናውን ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ልትፈታው ነው፣ ልጁን እንዳያይ ተከልክሏል። በልቧ ያለውን ለማወቅ አንድ ደግ ሰው በሰጠው ዘዴ ከየመንገዱ ስልክ አንጎሏን ሰብሮ ለመግባት ይሞክራል። ሲያዝ እውነቱን ይነግሩታል። ሚስት የለህም። ልጅ የለህም። ብቸኛ ላጤ ነህ። ለባልደረባህ “ልጄ ናት” ብለህ ያሳየኸው ፎቶ ላይ ካንተ በስተቀር ሰው የለም። ሰውየው ያለቅሳል፤ የተከለውን ትዝታ ነቅሎ ማውጣት ይቻል እንደሆን ይጠይቃል። መልሱ የሚያጽናና አይደለም። ደቂቃዎች ናቸው፤ ግን የሠላሳ አምስት ዓመቱ ተከታታይ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ? የቆሻሻ ሠራተኛው ወንጀለኛ አለው። አንጎሉን የሰበረ፣ ውሸቱን የተከለ፣ ስም ያለው አንድ አካል አለ። ቢያዝ ነገሩ መቋጫ አለው። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው ሥራ ይህንንም መጽናኛ ወሰደብን።

አንደኛ፦ “ስታንድ አሎን ኮምፕሌክስ”፣ 2002። ካሚያማ ያዘጋጀው፣ ሙዚቃውን ዮኮ ካኖ የሠራችው፣ 26 ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ተከታታይ። ነገሩ እንዲህ ነው። በታሪኩ በ2024 አንድ ወጣት በቀጥታ የአየር ትንበያ ስርጭት መሀል የአንድ ትልቅ የሕክምና ቴክኖሎጂ ኩባንያ ኃላፊን በሽጉጥ ይዞ “ምርትህ እንደማይሠራ በሕዝብ ፊት እመን” ይላል። ፊቱን ማንም አላየም። በቦታው የነበረውን ሰው ሁሉ ዓይንና የካሜራውንም ምስል ሰብሮ ገብቶ በፊቱ ላይ የሚስቅ ሰው ምልክት ለጥፎበታል። “ሳቂው ሰው” አሉት። ኩባንያዎች በስሙ ተዘረፉ። ቲሸርት ላይ ታተመ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች እያንዳንዳቸው ተነስተው “ሳቂው ሰው እኔ ነኝ” እያሉ ባለሥልጣን ለመግደል ተሯሯጡ።

ለጃፓን ተመልካች ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1984 የግሊኮ ጣፋጭ ኩባንያ ኃላፊ ከቤቱ ታፍኖ ተወስዶ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አምልጦ ወጣ። ከዚያም ራሱን “ባለ 21 ፊት ጭራቅ” ብሎ የሚጠራ አካል በየሱቁ ጣፋጭ ውስጥ መርዝ አስቀምጫለሁ እያለ ለጋዜጦች ደብዳቤ ይጽፍ፣ በፖሊስ ላይ ይሳለቅ ጀመር። ማንም አልተያዘም። በ2000 የክሱ ይርጋ ጊዜ አለፈ። ስም አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ሰው የለም።

ካሚያማ ግን ከዚህም አንድ እርምጃ አለፈ። ክፍል 9 ቆፍሮ ቆፍሮ የመጀመሪያውን “ሳቂ ሰው” ሲያገኘው ወጣቱ ምን ይላል? ኩባንያውን የሚያጋልጠውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ መረብ ላይ ወድቆ ያገኘሁት ነው። ጸሐፊው አይታወቅም። አስተውሉ፦ ግልባጮቹን ተከትለን ዋናው ዘንድ ስንደርስ እሱም ግልባጭ ሆኖ ተገኘ። የተከታታዩ ስም ራሱ ይህንን ነው የሚሰይመው። ሰዎች ለየብቻቸው ቆመው፣ ሳይመካከሩ፣ ዋና የሌለውን ነገር ሲገለብጡ አንድ ማኅበር የሚመስሉበት ሁኔታ።

እኛ ለዚህ ነገር ቃል ካበጀን ቆይተናል። “አሉ” እንላለን። “እገሌ ታሞ ነበር አሉ።” ማን አለ? አሉ! ባለቤት የሌለው ግስ ነው። “አሉባልታ” የሚለውን ቃላችንንም “አሉ” ነው የሚከፍተው። ልዩነቱ በድሮው ጊዜ “አሉ” እግር ነበረው። ከቡና ወደ ቡና፣ ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ሲጓዝ የሚይዘው ሰው በጣት ይቆጠር ስለነበር አንድ ብልህ ሽማግሌ “አንቺስ ከማን ሰማሽ?” እያለ ወደ ኋላ ቢሄድ ምንጩ ዘንድ ይደርስ ነበር። ዛሬ ምንጩ ዘንድ የሚደርስ የለም፤ ቢደርስም የሚያገኘው “እኔም ወድቆ አግኝቼው ነው” የሚል ወጣት ነው። በ2002 ይህ ልብወለድ ነበር። ፌስቡክ በ2004፣ ትዊተር በ2006 ነው የተወለዱት።

የዚሁ ተከታታይ ሁለተኛ ምዕራፍ በ2004 ሲጀምር ነገሩን ወደ ደም ወሰደው። ከጦርነት የሸሹ ስደተኞች በጃፓን ሰፍረዋል፤ ሕዝቡ ጠልቷቸዋል። አንድ የመንግሥት ሰው ይህን ጥላቻ ማቀጣጠል ይፈልግና ማንም አግኝቶ ያላነበበውን አንድ የፖለቲካ ድርሰት መነሻ የሚያደርግ በሽታ በመረብ ይለቃል። በበሽታው የተያዘ ሰው ድርሰቱን ያነበበ፣ አምኖም የተነሳ ይመስለዋል። ለሞት ይዘጋጃል። የሚሞትለት መጽሐፍ ግን የለም። ይህን ዛሬ የሚያይ ሰው “የጃፓን ካርቱን ነው” ብሎ ማለፍ የሚችል አይመስለኝም።

“ታዲያ ተስፋው የት አለ?” ትሉኝ ይሆናል። ተስፋው ታቺኮማ ናቸው። ሸረሪት የሚመስሉ ሰማያዊ የጦር ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ እንደ ሕፃን ይለፈልፋሉ። ማታ ማታ ትዝታቸው ተቀላቅሎ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ያድራሉ። እንግዲህ ፍጹም ግልባጭ ማለት እነሱ ናቸው። ግዙፉ ባቶ ግን ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ይወደውና ከሌሎቹ የተሻለ ዘይት ይሰጠዋል። ከዚያች ዘይት በኋላ ጠባያቸው መለያየት ይጀምራል። ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሞትን ያስባሉ። አዛዧ ሻለቃ ይህን አይታ ለጦር መሣሪያነት አይታመኑም ብላ ታሰናብታቸዋለች። መጨረሻ ላይ ባቶ ሊገደል ሲል ሦስቱ ማንም ሳያዛቸው መጥተው ስለ እሱ ይሞታሉ።

ሰዎቹ የማያውቁትን ሰው ገልብጠው አንድ ዓይነት ሆኑ፤ አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩት ማሽኖች ደግሞ ለየብቻ ሆኑ። የለያቸውም አንድ የታወቀ ሰው፣ በታወቀ ቀን፣ በእጁ የሰጣቸው ነገር ነው። ስም ያለው ሰጪ፣ ስም ያለው ተቀባይ። ከዚህ ተከታታይ የያዝኩት ይህንን ነው። የሌሎቹን ያህል አይራቀቅም፤ ግን ኑሮ ላይ ይውላል። ትዝታችን የእኛ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከማን እንደተቀበልነው መናገር ስንችል።

የሻለቃዋን ድምፅ ከ1995 ጀምሮ በአብዛኞቹ ሥራዎች የሰጠችው አትሱኮ ታናካ በኦገስት 2024 አርፋለች። ሳይንስ ሳሩ የተባለው ስቱዲዮ አዲስ ተከታታይ እንደሚሠራ ያስታወቀውም በዚያው በ2024 ነው። ስለዚህ ደረጃው ገና ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ጠቡም ይቀጥላል።

የ1995ቱን ሁለተኛ በማድረጌ የተቆጣ ሰው ቢመጣብኝ ደስ ይለኛል። ይምጣ፣ እንከራከር። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ራሱ አይቶት፣ ራሱ ፈርዶ ይምጣ እንጂ “እሱ ነው አንደኛ አሉ” ብሎ አይምጣብኝ።